የሰፈር ፓርክ፦ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ማን ይይዘዋል?

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሣር፣ አዲስ አግዳሚ ወንበር፣ አዲስ ዥዋዥዌ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ትናንሽ መናፈሻዎች በየመንገዱ ዳር ብቅ ብለዋል። ትልልቆቹ ቀድመው መጥተዋል። አንድነት ፓርክ መስከረም 2012 ላይ ተከፈተ፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ ከዓመት በኋላ መስከረም 2013 ላይ።

ስለ ትልልቆቹ ብዙ ተብሏል። ከቤታችን ጀርባ ስላለችው ትንሽ ቦታ ግን የምናወራው ወይ ስትመረቅ ነው፣ ወይ ስትበላሽ። በመሃል ያለውን ዓመት ሙሉ ማን እንደሚያጠጣ፣ ማን እንደሚጠርግ፣ ማን እንደሚከፍል ብዙ ሰው አያውቅም። የሰፈር ፓርክ ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚያ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እንጀምር፤ ቦታ ከመምረጥ።

የሰፈር ፓርክ የምንለው የትኛውን ነው?

ታክሲ ሳይያዝ የሚደረስበትን ነው። ልጅ በነጠላ ጫማ ሮጦ የሚሄድበት፣ አዛውንት ከዘራ ይዘው ቀስ እያሉ የሚደርሱበት፣ እናት ወጥ ጥዳ ለአሥር ደቂቃ ብቅ የምትልበት። ለዚህ መለኪያም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እንደ መነሻ ያስቀመጠው ነገር ይህ ነው፦ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ማለትም የ5 ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ፣ ከግማሽ እስከ 1 ሄክታር የሆነ ለሕዝብ ክፍት አረንጓዴ ቦታ ቢያገኝ። ግማሽ ሄክታር 5,000 ካሬ ሜትር ነው። ከአንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ ያንሳል።

የከተማ ደን ባለሙያው ሴሲል ኮኒየንዳይክ በ2021 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሌላ መለኪያ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች አሉት፦ 3፣ 30፣ 300። ከቤትህ መስኮት 3 ዛፍ ይታይህ፤ የሰፈርህ 30 በመቶ በዛፍ ጥላ ይሸፈን፤ ፓርክ በ300 ሜትር ውስጥ ይኑር። ለብዙ የአዲስ አበባ ሰፈር ሦስቱም ሩቅ ናቸው። ግን ምን እንደጎደለ ለማወቅ ይጠቅማሉ። ከመስኮትዎ ቆጥረው ማየት ይችላሉ።

ርቀቱ ለምን ይህን ያህል ይነሳል? ሁለት ታክሲ ተይዞ የሚኬድበት ፓርክ የበዓል ፓርክ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ይኬዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ልጅ በየቀኑ የሚሮጥበት፣ ጡረተኛው በየማለዳው ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ግን ጤናን፣ ጉርብትናን፣ አንዳንዴም የቤት ውስጥ ሰላምን ይለውጣል። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሰው የሚኖር ከሆነ ደጅ ማለት ሳሎን ነው።

ቦታው ከየት ይመጣል?

ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ስለዚህ የሰፈር ፓርክ መነሻው ግዢ ሳይሆን ፕላን ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ሁለት ዓይነት ፕላን ለይቷል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ የከተማውን አጠቃላይ መልክ ይወስናል። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው፤ ወደ ሰፈር ወርዶ ይህ ቁራሽ መሬት መኖሪያ፣ ያኛው መንገድ፣ ያኛው አረንጓዴ ይሁን ይላል።

የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የያዘው መርህ በባለሙያዎች አፍ 30-30-40 ይባላል። 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ። ወረቀቱ ላይ ያማረ ነው። መሬት ላይ ሲወርድ ግን አረንጓዴ የተቀባው ቦታ ብዙ ጊዜ ሰው የሚኖርበት፣ ጋራዥ ያለበት ወይም ቆሻሻ የሚጣልበት ሆኖ ይገኛል። ሰው የሚኖርበት ሲሆን ፓርኩ መነሳትን ያመጣል። ያኔ «ለየትኛው ነዋሪ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቦታው ላይ የኖረው ሰው ሌላ ጫፍ ከተዛወረ ፓርኩ የእሱ ሰፈር ፓርክ አይደለም።

ያለ ማፍረስ የሚገኝ ቦታም አለ፤ እንዲያውም ለሰፈር ፓርክ ይበልጥ የሚመቸው እሱ ነው። የወንዝ ዳርቻ፣ መንገድ ሲሰፋ የተረፈ ሦስት ማዕዘን፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሃል ያለው ባዶ ሜዳ። ስለ ኮንዶሚኒየም በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 ከቤቶቹ ውጪ ያለውን የጋራ መጠቀሚያ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ያደርገዋል። ስለዚህ እዚያ የሚወስነው የነዋሪዎቹ ማህበር ነው። የሚያሳዝነው፣ ያ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። አንድ ጎረቤት ያቆማል፣ ሌላው ይከተላል፣ በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ ደረጃ ላይ ይጫወታሉ።

ንድፉ ሲሠራ ማን ይጠየቃል?

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክት ይሳሳታል። ስብሰባ ይጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ንድፉ ግን ቀድሞ ያለቀ ነው። ተሰብሳቢውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ፣ ትልቅ ሰውና የኮሚቴ አባል ነው። ፓርኩን በብዛት የሚጠቀሙት ልጆች፣ እናቶች፣ ሞግዚቶችና አዛውንቶች ደግሞ አዳራሽ አይመጡም። የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግብ 11.7 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለሁሉም፣ በተለይ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ደህንነቱ የተጠበቀ አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሰውን መጠየቂያው ጥሩ ዘዴ ስብሰባ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ማየትም ነው። ቦታው ላይ በጠዋት፣ በምሳ ሰዓት፣ በማታ ማን አለ? ሰው በየት በኩል ያቋርጣል? ነዋሪው በእግሩ የቀደደው የአቧራ መንገድ ከማንኛውም መጠይቅ በላይ ይናገራል። ያንን መንገድ ትቶ ሣር የተከለ አርክቴክት «ሣር መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይለጥፋል። ሰሌዳው ይቆማል፣ ሣሩ ግን በስድስት ወር ይጠፋል። ሰው ወደ ታክሲ ለመድረስ አርባ ሜትር አይዞርም።

የእኛ አገር ሰፈር ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ሜዳ ለምን ይውላል? ለኳስ ይውላል። ግን ለለቅሶ ድንኳንም ይውላል። ለሠርግ ዳስ፣ ለመስቀል ደመራ፣ ለእድር ስብሰባ። ከውጭ አገር መጽሔት የተቀዳ ንድፍ ይህን አያውቅም። ሜዳውን በሙሉ በአበባ መደብና በጠመዝማዛ መንገድ ይሞላዋል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ይተከል? አበባው ላይ። ከዚያ «ሕዝቡ አረንጓዴ አይወድም» ይባላል። መፍትሔው ከባድ አልነበረም፤ አንድ ጠርዝ ላይ፣ መኪና ሊጠጋበት በሚችል በኩል፣ ጠጠር ወይም ንጣፍ የለበሰ ገላጣ ቦታ መተው ነው። ድንኳን በሌለበት ቀን ልጆች ብስክሌት ይማሩበታል።

ኳስና አበባም አይስማሙም። ጎረምሳው ኳስ ይመታል፣ አትክልተኛው ይጮኻል፣ ነገሩ በጠብ ያልቃል። ቦታው ጠባብ ከሆነ ምርጫው በግልጽ ይነገር፦ ወይ ኳስ፣ ወይ አበባ። ሁለቱንም ማለት አንዱን በጉልበት ማጥፋት ነው።

ትንሽ ቦታ ምን ይጠቅማል? የአምስተርዳም ታሪክ

ግማሽ ሄክታር ከየት ይገኛል ለሚል፣ አምስተርዳምን ማየት ጥሩ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያልቅ ከተማዋ ልጅ በልጅ ሆነች፤ መጫወቻ ግን የለም። በ1947 እ.ኤ.አ. በማዘጋጃ ቤቱ ይሠራ የነበረው ወጣት አርክቴክት አልዶ ቫን አይክ በአንድ ትንሽ አደባባይ፣ በርቴልማንፕላይን ላይ፣ የመጀመሪያውን መጫወቻ ሠራ። ሰፊ የኮንክሪት ጠርዝ ያለው የአሸዋ ገንዳ፣ ጥቂት የመዝለያ ድንጋዮች፣ መንጠልጠያ ብረቶች። በቃ።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ደስ የሚለው። የሌላ ሰፈር ሰዎች አዩና ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፉ፦ እኛም ጋ ባዶ ቦታ አለ። ማዘጋጃ ቤቱም ሄዶ አየ። ቤት የፈረሰበት ክፍተት፣ የመንገድ ጥግ፣ የቆሻሻ መጣያ የነበረ ቁራሽ። እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ መጫወቻዎች ተሠሩ። አብዛኞቹ አጥር አልነበራቸውም። የአሸዋ ገንዳው ጠርዝ ሰፊ የሆነው እናቶች እንዲቀመጡበትም ጭምር ነው። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ከዚህ የምንወስደው ኮንክሪቱን አይደለም። ጥያቄው ከነዋሪው መነሳቱን፣ ዕቃው ቀላልና በከተማው ሠራተኛ ሊጠገን የሚችል መሆኑን ነው። ከውጭ የመጣ ባለ ቀለም ፕላስቲክ መንሸራተቻ ሲሰነጠቅ መለዋወጫው የት ይገኛል? የብረት መንጠልጠያ ግን ሰፈር ያለ በያጅ ይጠግነዋል።

ሣሩና ዛፉ ላይ ምን ይታሰብ?

ብዙ ፓርክ የሚሞተው በሣር ምክንያት ነው። ሒሳቡን እንሥራ። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ሣር አረንጓዴ ሆኖ ለመቆየት በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ፓርኩ 1,000 ካሬ ሣር ካለው በቀን ከ3,000 እስከ 4,000 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ150 እስከ 200 ጀሪካን መሆኑ ነው፤ በየቀኑ። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ ለሦስት ቀን ያህል ቢበቃ ነው። አሁን ይህን ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር ውስጥ አስቡት። ነዋሪው ሳምንት ሙሉ ቧንቧ ሲጠብቅ ከርሞ ቦቴው መጥቶ ሣር ያጠጣል። ሰዉ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ሣር ሰው ለሚቀመጥበትና ልጅ ለሚንከባለልበት ቦታ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። ሰርዶ ለዚህ ጎበዝ ነው፤ ሲረገጥ ይችላል፣ ድርቅም ይችላል፣ በበጋ ቡኒ ቢሆን እንኳ ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። ቡኒ ሣር የሞተ ሣር አይደለም። ይህን ለጎብኚ ባለሥልጣን ማስረዳት ግን ሌላ ሥራ ነው።

ዛፍ ይሻላል። አንዴ ከያዘ ውሃውን ራሱ ይፈልጋል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ጥላው ደግሞ ሣሩን ያድናል። ዋንዛና ብርብራ ጥሩ ጥላ አላቸው። ወይራና ጽድ ዝግ ብለው ያድጋሉ፤ ለልጅ ልጅ ነው የሚተከሉት። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ዘመን መጥቶ ከተማዋን ከማገዶ እጥረት ያዳነ ባለውለታ ነው፤ ለትንሽ ፓርክ ግን አይመከርም። ውሃ ይስባል፣ ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም፣ ቅርንጫፉም ይወድቃል። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ደግሞ ቅጠሉም አበባውም መርዛማ ነው። ሁሉንም ነገር ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ባለበት ቦታ መተከል የለበትም።

ችግኝ የሚተከለው ክረምት ላይ ነው። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ነው የሚካሄደው። ችግኝ የሚሞተው ግን ክረምት ላይ አይደለም። ከጥቅምት በኋላ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሥሩ ገና ጥልቅ አልገባም፣ የተከለው ሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። ለአንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውሃና ሥሩ ዙሪያ ጉዝጓዝ የሚሆን ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል፣ ለሁለት በጋ ያህል ብቻ፣ ልዩነቱን ይፈጥራል። ስለዚህ ስንት ተተከለ የሚለውን ትተን በግንቦት ስንት አለ ብለን ብንጠይቅ ይሻላል።

የተመረቀ ፓርክ ለምን ቶሎ ይጠወልጋል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። መልሱ ስንፍና አይደለም። በጀት ነው፤ በትክክል ለመናገር ሁለት ዓይነት በጀት።

መንግሥት ገንዘቡን በሁለት ኪስ ይይዛል። አንደኛው የካፒታል በጀት ነው፤ አዲስ ነገር መሥሪያ። ሁለተኛው መደበኛ በጀት ነው፤ ደመወዝ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጥገና። የካፒታሉ ሠርግ ነው፣ መደበኛው ትዳር። ለሠርጉ ሁሉም ያዋጣል፣ ሚዜ ይሰለፋል፣ ካሜራ ይመጣል። ለማክሰኞ ወጥ ግን የሚያዋጣ የለም።

ፓርክ ሲሠራ የግንባታው ገንዘብ ከላይ ይመጣል፤ ከከተማው፣ ከለጋሽ ወይም ከአንድ ባለሀብት። ሲያልቅ ለወረዳው ወይም ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይተላለፋል። የሚተላለፈው ግን ፓርኩ ነው፤ አትክልተኛው፣ የውሃ ሂሳቡና የጎማ ቱቦው አብረው ላይተላለፉ ይችላሉ። ወረዳው ፓርኩን ሳይጠይቅ ተቀበለ፤ መደበኛ በጀቱ ግን ያው የአምናው ነው።

ወጪዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ማንም አይቆጥራቸውም። አምፖል ይቃጠላል። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ይሰበራል፤ ስለተሰበረ ይዘጋል፤ ስለተዘጋ ሰው ከዛፉ ጀርባ ይሄዳል። የዥዋዥዌውን ሰንሰለት ከላይኛው ብረት ጋር የሚያያይዘው ቀለበት በመፋተግ ይሳሳል። ከታች ቆሞ ለሚያይ አይታይም፣ መሰላል ይፈልጋል። የሚያየው ሰው ከሌለ አንድ ቀን ልጅ ላዩ ላይ እያለ ይበጠሳል። ልጅ የሚወድቅበት መሬትም ጥገና ይፈልጋል። በአውሮፓ የመጫወቻ ደረጃዎች ከመወጣጫ ሥር የሚደረገው አሸዋ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ይጠበቃል። አሸዋ ግን ይበተናል፣ በዝናብ ይሄዳል፣ ይጠነክራል። በዓመቱ የሚቀረው ከሥር ያለው አፈር ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሲሚንቶ ነው የተደረገው፤ ይህ ጥፋት ሊባል ይገባዋል።

አንድ ጥሩ አትክልተኛ ከእነዚህ ሁሉ ግማሹን ያድናል። ያጠጣል፣ ያርማል፣ ይገርዛል፣ ግን ከሁሉም በላይ እዚያ አለ። ልጆቹ ስሙን ያውቁታል፣ ቅርንጫፍ ሲሰብሩ «ኧረ አባባ መጡ!» ብለው ይሮጣሉ። የተላላኪ ያህል ደመወዝ የሚከፈለው ይህ ሰው ሲቀር ነው ፓርኩ መጥፎ መልክ መያዝ የሚጀምረው። የዓመት አንድ ዘመቻ አይተካውም። አርባ ሰው ቲሸርት ለብሶ ለሦስት ሰዓት ከሚያጸዳው፣ አንድ ሰው በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚሠራው ይበልጣል።

አጥር ይደረግ ወይስ አይደረግ?

«አጥር ካልተደረገ ሱሰኛና ሌባ ይሞላዋል» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። አጥር ግን ሁልጊዜ መልስ አይደለም። የኒው ዮርኩ ብራያንት ፓርክ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። በማንሃተን መሃል፣ ከትልቁ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ነው ያለው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ሆነ። የሕዝብ ቦታ አጠቃቀምን በካሜራ እየቀረጸ ያጠና የነበረው ዊሊያም ዋይት ችግሩን ሲመረምር ያገኘው ተቃራኒ ነገር ነበር። ፓርኩ ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ በብረት አጥርና በረጅም ቁጥቋጦ ተሸፍኖ፣ መግቢያው ጠባብ ሆኖ ስለተሠራ ከውጪ ውስጡ አይታይም። ለሻጮቹ ተመቻቸው፤ ሌላው ሰው ፈራ።

ፓርኩ በ1988 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ በ1992 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ቁጥቋጦው ተነስቶ፣ መግቢያዎቹ ሰፍተው፣ መጸዳጃ ቤቱ ታድሶ ነበር። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሱ ቀላል ወንበሮችም ገቡ። ሰው ወንበሩን ወደ ጥላ ወይም ወደ ጓደኛው ስቦ ይቀመጣል። ሰው ሲበዛ ሻጮቹ ሄዱ። ዋይት ከጥናቱ ያወጣው ዋና ነገር የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። የእኛ አንዳንድ ፓርኮች ግን ለማየት እንጂ ለመቀመጥ የተሠሩ አይመስሉም።

ስለዚህ አጥር ካስፈለገ ውስጡን የሚያሳይ፣ ዝቅ ያለ፣ ልጅ ወደ መኪና መንገድ እንዳይሮጥ የሚከለክል ይሁን። ቁጥቋጦው ከጉልበት በታች፣ የዛፉ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ከሰው ራስ በላይ። መብራት መሄጃው ላይ ይሁን። በር አጠገብ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት ካለች ደግሞ የምታየው ብዙ ነው፤ ከዘበኛ ቀድማ ማን እንግዳ እንደሆነ ታውቃለች።

መጸዳጃ ቤት የቅንጦት ነገር የሚመስላቸው አሉ። እሱ ከሌለ ሴቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ትንሽ ልጅ የያዙና አዛውንቶች ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆዩም። እነሱ ሲሄዱ የሚቀረው ወጣት ወንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ፓርኩ «የዱርዬ መዋያ» ይባላል።

መግቢያ ቢከፈልስ?

ለትልቅ ፓርክ መግቢያ መክፈል የተለመደ ነው። ለሰፈር ፓርክ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እንበልና መግቢያው 20 ብር ነው። ሦስት ልጅ ያላት እናት አንድ ጊዜ ለመግባት 80 ብር ትከፍላለች። በየቀኑ ልግባ ካለች በወር 2,400 ብር። አትገባም። ክፍያው አትክልተኛውን ይከፍል ይሆናል፤ ፓርኩ የተሠራለትን ሰው ግን ያስቀራል።

ሌላው መንገድ ከፓርኩ ጠርዝ ትንሽ ቦታ ለቡና፣ ለመጽሐፍ ኪራይ ወይም ለብስክሌት ኪራይ በማህበር ለተደራጁ ወጣቶች መስጠትና በምትኩ የጽዳቱንና የመጸዳጃ ቤቱን ሥራ እንዲይዙ መዋዋል ነው። ይሠራል። አደጋውም ይታወቃል፦ ወንበሩ በየዓመቱ አንድ ሜትር ወደ ሣሩ ይገፋል፣ በስተመጨረሻ ያልገዛ ሰው አይቀመጥም። ብራያንት ፓርክም በዙሪያው ካሉ የሕንፃ ባለቤቶች መዋጮ፣ ከኪራይና ከዝግጅቶች በሚገኝ ገንዘብ ስለሚተዳደር፣ ንግዱ በዛ የሚል ቅሬታ ሲቀርብበት ኖሯል። ስለዚህ ውሉ ላይ ስንት ካሬ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ፣ መስመሩም መሬት ላይ ይሰመር።

ነዋሪው በተግባር ምን ማድረግ ይችላል?

አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም በፊት ያለውን ማየት ይሻላል። እድር አለ። መተዳደሪያ ደንብ፣ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የወር መዋጮ አለው፤ ድንኳኑን፣ ሳህኑን፣ ወንበሩን ለዓመታት ሳይጠፋ ይዞ ኖሯል። የጋራ ዕቃ መጠበቅ ያውቅበታል። ከየአባሉ በወር ጥቂት ብር ተጨምሮ የአንድ አትክልተኛ ደመወዝ ግማሹ ቢሸፈን፣ ግማሹን ከወረዳው ለመጠየቅ አፍ ይኖራል። የመንግሥትን ሥራ ነዋሪው ይሸከም ማለቴ አይደለም። ውሃ፣ ትልቅ ጥገናና መብራት ከእድር አቅም በላይ ናቸው፤ እዚያ ላይ ወረዳው መጠየቅ አለበት።

ሲጠየቅ ደግሞ «ፓርካችን ይሠራልን» ከማለት ይልቅ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይዞ መሄድ ነው። ይህ ቦታ በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ በምን ተመዝግቧል? ካርታ ወጥቶለታል? በአረንጓዴነት ተመዝግቦ ሰነድ ካለው፣ ነገ ሌላ ነገር ሊሠራበት ሲታሰብ የሚከራከሩበት ወረቀት አለ ማለት ነው። የትኛው ጽሕፈት ቤት ነው ተረካቢው? የውሃ ቆጣሪው በማን ስም ነው? በመደበኛ በጀቱ ውስጥ ለዚህ ቦታ የተያዘ አትክልተኛ አለ? መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ፣ የደብዳቤውን ቅጂ ማስቀመጥ፣ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር መያዝ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ዘግይቷል፤ ያኔ ሁሉም የተረፈውን በጀት ለመዝጋት ይሯሯጣል እንጂ አዲስ ዕቅድ አይሰማም። ዕቅዱ የሚሰናዳው በበጋው ነው። ስለዚህ የአትክልተኛና የውሃ ጥያቄው ጥር ወይም የካቲት ላይ ቢገባ ይመረጣል። ያ ወር ችግኙም በጣም የሚጠማበት ስለሆነ ከደብዳቤው ጋር የደረቀውን ሣር ፎቶ ማያያዝ ይቻላል።